ከ2014ቱ እትም የተረፉት ማሟያ መጽሐፎች በ2024ቱ ደንብ ጠረጴዛ ላይ ቦታ አላቸው?

የቅዳሜው መሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕሪ ይዞ በዳይስ ዕድሉን የሚሞክርበት የጠረጴዛ ጨዋታ) የሚጫወት የአምስት ሰዎች ቡድን ስመራ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የጀመርነው የጨዋታው ዋና የደንብ መጽሐፍ በሆነው በ2014ቱ ፕሌየርስ ሃንድቡክ ነበር (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ቆየት ብለን ሁለት ማሟያ መጽሐፎች ጨመርንበት፤ አንዱ በ2017 የወጣው የዛናታር መጽሐፍ፣ ሌላው በ2020 የወጣው የታሻ መጽሐፍ ነው። ከሁለቱ ያልወሰደ ገጸ ባሕሪ በጠረጴዛችን ላይ የለም ማለት ይቻላል።

ባለፈው ቅዳሜ ግን የማንወደው ነገር ገጠመን። ክሌሪክ (በአምላክ ኃይል የሚፈውስ ገጸ ባሕሪ) የምትጫወተው ጓደኛችን የ2024ቱን ፕሌየርስ ሃንድቡክ ገዝታ መጥታ ነበር። ተዋጊው ኦገር በተባለ ግዙፍ ጭራቅ ዱላ ተመትቶ በወደቀ ጊዜ «ኪዩር ዉንድስ» የተባለውን የፈውስ ድግምት ጣለችና ሁለት ባለ 8 ጎን ዳይስ ወረወረች፤ 6 እና 7 ወጣላት፣ የራሷን 3 ስትጨምርበት 16 ሆነ። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ አሮጌውን መጽሐፍ ገልጦ ድግምቱ አንድ ባለ 8 ጎን ዳይስ ብቻ እንደሚሰጥ አነበበ፤ በዚያ ስሌት ፈውሱ 9 ነው። ኦገሩ በሚቀጥለው ዙር 13 ጉዳት አደረሰ። በአንደኛው መጽሐፍ ተዋጊው ቆሟል፣ በሌላኛው እንደገና ወድቋል። ሁለቱም መጽሐፎች ፊት ለፊቴ ተገልጠው ሳለ የቱን ልቀበል እንደሚገባኝ አላወቅሁም፤ ጨዋታውን አቋርጠን ግማሽ ሰዓት ያህል ስንነጋገር ቆየን።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ወደ አዲሱ እትም ብንሻገር የዛናታርንና የታሻን መጽሐፎች ማስቀመጥ አለብን ወይስ ይዘናቸው መሄድ እንችላለን? ደግሞስ ገና በዐሥር ዓመቱ እትም መለወጥ ለምን አስፈለገ?

ባለ ሃያ ጎን፦

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ መጽሐፉ ውስጥ አለ። የ2024ቱ ፕሌየርስ ሃንድቡክ አሮጌ ማሟያዎችን አይከለክልም፤ እንዴት እንደሚገጣጠሙም ይናገራል። በአዲሱ ደንብ ዐሥራ ሁለቱም ክላሶች (የገጸ ባሕሪ ሙያዎች) ንዑስ ክላሳቸውን (በሙያው ውስጥ ያለውን ልዩ ዘርፍ) የሚመርጡት በ3ኛ ደረጃ ነው። በ2014ቱ ግን ክሌሪክ፣ ሶርሰረርና ዋርሎክ በ1ኛ፣ ድሩይድና ዊዛርድ በ2ኛ ደረጃ ይመርጡ ነበር፤ ስለዚህ ከአሮጌ መጽሐፍ የመጣ ንዑስ ክላስ ቀደም ብሎ የሚሰጠው ነገር ካለ እስከ 3ኛ ደረጃ ይቆያል። የችሎታ ነጥብም እንዲሁ ነው። በ2014 ነጥቡን የሚሰጠው ዘር ነበር፣ አሁን የሚሰጠው ባክግራውንድ (የገጸ ባሕሪው የቀድሞ ኑሮ) ነው፤ አሮጌ ዘር ይዞ የመጣ ተጫዋች የዘሩን ነጥብ ይተዋል፣ አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ይከፈለዋል። በሁለቱም ዘመን መጽሐፎች ውስጥ በአንድ ስም የሚገኝ ድግምት ከሆነ አዲሱን መያዝ ነው የሚሻለው። የእርስዎ ተዋጊ በእኔ ጠረጴዛ ቢሆን ኖሮ ይቆም ነበር፤ አዘጋጆቹ ፈውሱን ያጠናከሩት በጦርነት መካከል ተራን ለፈውስ ማዋል አሮጌው ደንብ ላይ የማያዋጣ ስለ ነበር ነውና።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰፊ ነው፤ በእኔ እምነት መልሱ ሬንጀር (የዱር አዳኝ) ከተባለው ክላስ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። በ2014ቱ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ቅሬታ የተሰማበት ክላስ ሬንጀር ነበር። ቢስት ማስተር የተባለውን ንዑስ ክላስ የመረጠ ሰው አንድ እንስሳ ጓደኛ ይኖረዋል፤ ነገር ግን እንስሳው እንዲያጠቃ ለማዘዝ ሬንጀሩ የራሱን አክሽን (በተራው የሚያደርገውን ዋና ድርጊት) መስጠት ነበረበት። ተኩላው ይናከስ ዘንድ ቀስተኛው ቀስቱን ያወርዳል ማለት ነው። በ2020 የታሻ መጽሐፍ አዲስ እንስሳ አመጣ፤ ትእዛዙ በቦነስ አክሽን (ከዋናው ድርጊት ሌላ በሚፈቀድ ትንሽ ድርጊት) ሆነ፣ እንስሳውም ከሬንጀሩ ደረጃ ጋር አብሮ የሚያድግ ሆነ። ይህ ሁሉ «ከፈለጋችሁ ተጠቀሙበት» ተብሎ በአማራጭነት ነው የቀረበው። በ2024 ግን ያ አማራጭ ዋናው ደንብ ሆኖ ገባ። በአዲሱ መጽሐፍ ካሉት አራት የሬንጀር ንዑስ ክላሶች ግሉም ስቶከር ከዛናታር፣ ፌይ ዋንደረር ከታሻ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ወንድሜ፣ እነዚያን ሁለት መጽሐፎች ይዞ የቆየ ቡድን ከአዲሱ እትም ብዙውን ነገር አስቀድሞ እየተጫወተው ነበር።

ነባር ተጫዋች፦

ልጆች፣ ይህ ነገር የዛሬ አይደለም። እኔ ይህን ጨዋታ የተማርኩት በ1984 ለትምህርት አሜሪካ በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ነው፤ እንግሊዝኛዬ ገና ያልጠራ ቢሆንም ደንቡን ከማንም በላይ አነብ ስለ ነበር ጓደኞቼ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ወደ እኔ ይዞሩ ነበር። ያኔ በእጃችን የነበረው አድቫንስድ የሚባለው እትም ነው።

ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያሳተሙት የመጀመሪያው ጨዋታ ሦስት ትናንሽ ቡክሌቶች ያሉበት አንድ ሳጥን ነበር፤ የመጀመሪያው ኅትመትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። በዚያ ደንብ ጩቤም ይሁን ትልቅ ሰይፍ የሚያደርሰው ጉዳት በአንድ ባለ 6 ጎን ዳይስ ነው የሚለካው። በዓመቱ፣ በ1975፣ ግሬይሆክ የተባለው የመጀመሪያው ማሟያ ወጣ። ለየመሣሪያው የተለያየ ዳይስ የሰጠው፣ ሌባንና ፓላዲንን ወደ ጨዋታው ያስገባው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ብላክሙር መነኩሴውንና ነፍሰ ገዳዩን፣ በ1976 ደግሞ ኤልድሪች ዊዛርድሪ ድሩይድን አመጣ። ከዚያ በ1977፣ በ1978 እና በ1979 የአድቫንስድ እትም ሦስቱ መጽሐፎች በተከታታይ ሲወጡ እነዚህ ሁሉ የዋናው ደንብ አካል ሆነው ተገኙ። ዛሬ አንድ ወጣት «ሌባ የሌለበት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ብትሉት አይገባውም፤ ሌባው ግን ከማሟያ የመጣ እንግዳ ነበር።

በ1985 አንኧርዝድ አርኬና ሲወጣም ያው ነው የሆነው። ተዋጊው አንድ መሣሪያ መርጦ በእሱ ልዩ ሥልጠና የሚያገኝበት ደንብ የመጣው ከዚያ ነው፤ በ1989 ሁለተኛው እትም ሲታተም ደንቡ ወደ ዋናው መጽሐፍ ገባ። ማሟያ ለሚመጣው እትም መፈተኛ ሜዳ ነው የምለው ለዚህ ነው። ሰዎች በየጠረጴዛቸው ይሞክሩታል፣ የወደዱት ይጸናል፣ ያልወደዱት መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ እትም ደግሞ የጸናውን ሰብስቦ ይጽፋል። የቅዳሜው መሪ፣ አንተ የምትመራው ቡድን ሦስት ዓመት የታሻን ሬንጀር ሲጫወት የ2024ቱን ደንብ ከጻፉት ጋር አብሮ እየሠራ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ወለተ መጻሕፍት፦

ጋሼ፣ ታሪኩን ከእርስዎ መስማቴ ደስ ብሎኛል፤ ሁሉም እትም የጸናውን ሰብስቧል የሚለውን ግን ልቀበለው አልቻልኩም። እኔ ገንዘቤን ቆጥቤ የሦስተኛውን እትም መጽሐፎች የሰበሰብኩ ሰው ነኝ። ያ እትም በ2000 ወጣ፤ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው በ2003 ሦስት ነጥብ አምስት የተባለው ተከተለው። ለውጡ ትንሽ ነው ተባለ። ነገር ግን ጥንካሬ የሚጨምሩት ድግምቶች በየደረጃው አንድ ሰዓት ይቆዩ የነበሩት በየደረጃው አንድ ደቂቃ ሆኑ፤ ሬንጀርም (ያው ሬንጀር) ከሥሩ ተቀየረ። ከ2000 እስከ 2003 የወጡትን ማሟያዎች የያዘ ሰው እያንዳንዱን ገጽ በጥርጣሬ ማንበብ ነበረበት።

በ2008 የሆነው ግን ከዚህም ይከፋል። አራተኛው እትም የክላሶችን አሠራር በሙሉ ሁልጊዜ፣ በየውጊያው አንዴ እና በቀን አንዴ በሚሠሩ ችሎታዎች ከፋፍሎ እንደ አዲስ ጻፈው። ከሦስተኛው እትም ማሟያ አንድ ገጽ እንኳ ቀጥታ ሊወሰድ አይችልም ነበር። ደግሞም ባርድ፣ ባርቤሪያን፣ ድሩይድና ሶርሰረር ከመጀመሪያው ፕሌየርስ ሃንድቡክ ቀርተው በ2009 በሁለተኛው፣ መነኩሴው በ2010 በሦስተኛው መጽሐፍ ተመለሱ። ጋሼ ማሟያው ለዋናው ያበረክታል አሉ፤ ይህ ግን ከዋናው ተቀንሶ ለማሟያ የተቀመጠ ነው። ለዓመታት ድሩይድ ስትጫወት የነበረች እህቴ አዲሱን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ገልጣ ክላሷን ስታጣው ያዘነችውን አልረሳም። ብዙ ሰው በ2009 ፔይዞ የተባለው አሳታሚ ወዳወጣው ፓዝፋይንደር የተባለ ጨዋታ የሄደው ሦስት ነጥብ አምስትን ስላስቀጠለለት ነው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ።

ስለዚህ ምክሬ ሌላ ነው። የ2014ቱ መጽሐፍ ትናንት አልተበላሸም። አምስት ሰዎች በያንዳንዳቸው 50 ዶላር ገደማ አውጥተው ያው መጽሐፍ እንደገና ከመግዛት፣ ያላቸውን ይዘው ቢቀጥሉ ማንም አይከሳቸውም።

የቅዳሜው መሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወለተ መጻሕፍት፣ የገንዘቡ ነገር ለእኛም ጉዳይ ነው፤ ከአምስቱ ሁለቱ ተማሪዎች ናቸው። ባለ ሃያ ጎን፣ አንድ ነገር ግን ግልጽ ያድርጉልኝ። የእኛ ክሌሪክ ትዋይላይት ዶሜን የተባለውን ከታሻ መጽሐፍ ነው የመረጠችው። በአዲሱ ፕሌየርስ ሃንድቡክ ውስጥ ያሉት የክሌሪክ ንዑስ ክላሶች ላይፍ፣ ላይት፣ ትሪከሪና ዋር ብቻ ስለ ሆኑ የእሷ አልተሻሻለም። 5ኛ ደረጃ ላይ ስለሆነች የመጀመሪያው ደረጃ ችግር የለባትም። እንዳለ ብናሻግረውስ?

ባለ ሃያ ጎን፦

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም አሮጌ ማሟያ በአዲስ ክላስ ላይ ሲደረብ ችግሩ የሚታየው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። አብረን እናስላው። የትዋይላይት ክሌሪክ በቻነል ዲቪኒቲ (ከአምላኳ በምታገኘው፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ በምትጠቀምበት ኃይል) የድንግዝግዝ ብርሃን በዙሪያዋ ትዘረጋለች። ብርሃኑ አንድ ደቂቃ፣ ማለትም 10 ዙር ይቆያል። በክልሉ ውስጥ ተራውን የጨረሰ ሁሉ በየዙሩ አንድ ባለ 6 ጎን ዳይስ ሲደመር የክሌሪኳን ደረጃ ያህል ጊዜያዊ የሕይወት ነጥብ ሊሰጠው ይችላል። በ5ኛ ደረጃ ይህ ለአንድ ሰው ከ6 እስከ 11 ነጥብ ነው። አራት ገጸ ባሕርያት ካሉ በአንድ ዙር ብቻ ከ24 እስከ 44 ነጥብ መከላከያ ይሆናል፤ ጊዜያዊው ነጥብ ባይደማመርም በሚቀጥለው ዙር እንደገና ይታደሳል። አንድ ኦገር በአንድ ምት በአማካይ 13 ጉዳት እንደሚያደርስ ሲያስቡ ክብደቱ ይገባዎታል። ይህ ንዑስ ክላስ በ2014ቱ ደንብም ቢሆን ከመጠን በላይ ጠንካራ ነው ተብሎ ብዙ የተከራከሩበት ነው።

በ2014ቱ ደንብ የ5ኛ ደረጃ ክሌሪክ ቻነል ዲቪኒቲን በሁለት ዕረፍቶች መካከል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትጠቀምበት፤ ሁለተኛውን የምታገኘው በ6ኛ ደረጃ ነው። በ2024ቱ ግን ከ2ኛ ደረጃ ጀምሮ ሁለት አላት፣ በአጭር ዕረፍት አንዱ ይመለስላታል። ስለዚህ ማሟያው አንድም ቃል ሳይለወጥ ከሥሩ ያለው ክላስ በመለወጡ ብቻ በአንድ ዕረፍት ያልተለየ ሁለት ውጊያ በብርሃኑ ውስጥ ታልፋለች። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ ንዑስ ክላሱን እንዳለ አሻግረዋለሁ፤ ብርሃኑን ግን በአንድ ረጅም ዕረፍት አንድ ጊዜ ብቻ እንድትዘረጋ፣ ሌሎቹን የቻነል ዲቪኒቲ ዕድሎች ለክላሱ ተራ ጥቅም እንድታውላቸው እጠይቃታለሁ። ይህ የራሴ ፍርድ እንጂ የመጽሐፉ ደንብ አይደለም።

ፋኖስ፦

ከስቶክሆልም ነው የምጽፈው፤ ቡድናችን የሚጫወተው ኮል ኦፍ ክቱሉ የተባለ ሌላ፣ አስፈሪ ታሪክ ያለው የጠረጴዛ ጨዋታ ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያ ጨዋታ ከ1981 ጀምሮ እስከ ሰባተኛው እትም ደርሷል። ዋናው ስሌት ዛሬም በመቶኛ ዳይስ የሚሞከር ክህሎት ነው። በሰባተኛው እትም ከመጡት ትልልቅ ለውጦች አንዱ የመሠረታዊ ችሎታ ቁጥሮች በ5 ተባዝተው ወደ መቶኛ መቀየራቸው ነው፤ ስለዚህ በ1980ዎቹ የታተመ የጀብድ መጽሐፍ ይዤ በእርሳስ ኅዳጉ ላይ እያባዛሁ ማጫወት እችላለሁ። የእትም ለውጥ የግድ መደርደሪያን ባዶ ያደርጋል የሚለውን ለዚህ ነው የማልቀበለው፤ አዘጋጁ ምን ያህል ወደ ኋላ እንዳሰበ ነው የሚወስነው።

ወለተ መጻሕፍት፦

ፋኖስ፣ ልክ ነው፤ እኔም የምጠይቀው ያንኑ አሳቢነት ነው። በነሐሴ 2024 የሆነውን አስታውሱ። ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ የ2014ቱን መጽሐፍ በገንዘባቸው የገዙ ሰዎች፣ በገጸ ባሕሪ ቅጻቸው ላይ ያሉት አሮጌ ድግምቶችና አስማታዊ ዕቃዎች በአዲሶቹ እንደሚተኩ ተነገራቸው። ተቃውሞው ስለ በረታ በቀናት ውስጥ ውሳኔው ተቀየረ፤ አሮጌዎቹም እንዲቆዩ ተደረገ። በጥር 2023ም ከ2000 ጀምሮ ሌሎች አሳታሚዎች ማሟያ እንዲጽፉ የፈቀደውን ክፍት የፈቃድ ውል የሚለውጥ ረቂቅ ሲታወቅ ተመሳሳይ ቁጣ ተነሥቶ፣ በወሩ መጨረሻ መሠረታዊው የደንብ ሰነድ ማንም እንዲጠቀምበት በሚፈቅደው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቀቀ። ሁለቱንም ጊዜ ያዳነን ሰው መናገሩ ነው። የወረቀት መጽሐፌን ግን ማንም በርቀት ሊለውጥብኝ አይችልም፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምይዘው።

ነባር ተጫዋች፦

ወለተ መጻሕፍት፣ ስለ 2008ቱ እውነት ብለሻል፤ እኔም የእህትሽ ኀዘን ይገባኛል። የጸናውን ሰብስቧል ያልኩት በ1977፣ በ1989 እና በ2024 ለሆነው ይሠራል፤ ለ2008 አይሠራም። አነጋገሬን አርሜአለሁ።

ስለ ገንዘቡ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ችግሩን ስግብግብነት ብሎ ማለፍ አይበቃምና። በአንድ ጠረጴዛ ላይ የጀብድ መጽሐፍ የሚገዛው መሪው ብቻ ነው፤ ተጫዋቾቹ ታሪኩን አስቀድመው ማንበብ የለባቸውም። አዲስ ክላስ፣ አዲስ ድግምት ያለበትን መጽሐፍ ግን አምስቱም ሊገዙት ይችላሉ። አሳታሚ ወደ ሁለተኛው ቢያደላ አይገርምም። ነገር ግን አንድ መቶ አማራጮች ካሉበት ጨዋታ ላይ መቶ አንደኛውን ሲጨምር ከመቶዎቹ ጋር ሁሉ መገጣጠሙን መፈተሽ አለበት፣ ይህም በየመጽሐፉ እየከበደ ይሄዳል። በሦስተኛው እትም መጨረሻ አካባቢ ከአምስት የተለያዩ መጽሐፎች የተለቃቀመ ገጸ ባሕሪ ይዞ የመጣ ወጣት አጋጥሞኝ፣ ለሚያደርገው ለእያንዳንዱ ነገር ገጹን ስንፈልግ አንድ ውጊያ ሙሉ ማታ ወስዶብናል። አምስተኛው እትም ማሟያዎችን በዝግታ ያወጣው፣ አድቨንቸረርስ ሊግ በተባለው የተደራጀ ጨዋታም ለብዙ ጊዜ አንድ ገጸ ባሕሪ ከፕሌየርስ ሃንድቡክ ሌላ ከአንድ መጽሐፍ በላይ እንዳይወስድ የተደነገገው ከዚህ ትምህርት የተነሣ ይመስለኛል። የቅዳሜው መሪ፣ ያንን ደንብ ለቡድንህ ብትወስደው አትጎዳም።

የቅዳሜው መሪ፦

ትናንት ማታ ተሰብስበን ስለወሰንን ውጤቱን ልንገራችሁ። ድግምቶችን በሙሉ ከ2024ቱ እንወስዳለን፤ አንድ መጽሐፍ በመሐል ስላለን እሱ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ሌላ ማንም እንዲገዛ አይገደድም። ወለተ መጻሕፍት፣ ይህ የእርስዎን ምክር ሰምተን ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ከዋናው መጽሐፍ ሌላ አንድ ማሟያ ብቻ ይመርጣል፤ ሦስቱ የታሻን፣ አንዱ የዛናታርን መረጠ። የክሌሪኳ ብርሃን በረጅም ዕረፍት አንድ ጊዜ ሆኗል። እሷ ራሷ ባለ ሃያ ጎን የጻፉትን ስሌት ካነበበች በኋላ ነው የተስማማችው፤ ሳነብላት ዝም ብላ ከሰማች በኋላ «ለካ ኦገሮቹ ለዚህ ነበር የማይገድሉን» አለች።

ያልተስማማው ሬንጀሩ ብቻ ነው። በአዲሱ ደንብ ሬንጀር «ሀንተርስ ማርክ» የተባለውን ድግምት ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል፣ በነጻም የሚጥልበት ዕድል አለው፤ ነገር ግን ድግምቱ ትኩረት ስለሚጠይቅ ሌላ ትኩረት የሚጠይቅ ድግምት አብሮ ሊይዝ አይችልም፤ ለማነጣጠርም ቦነስ አክሽን ይወስዳል፣ ተኩላውን ማዘዝም እንዲሁ ቦነስ አክሽን ነው። በመጀመሪያው ዙር በቦነስ አክሽኑ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው ማድረግ የሚችለው። እሱ በ2014ቱ ክላስ ላይ የታሻን እንስሳ እንደያዘ መቆየት ይፈልጋል። እስከሚቀጥሉት ሦስት ጨዋታዎች ድረስ እንደያዘ ይቆይ ብለናል፤ ጉዳቱንና ያጠፋውን ተራ በደብተር እየመዘገብኩ ነው፣ ሦስተኛው ጨዋታ ሲያልቅ ቁጥሮቹን እዚሁ አመጣቸዋለሁ።

ባለ ሃያ ጎን፦

እጠብቃለሁ። ከተቻለ ተኩላው በየዙሩ መታዘዙን ወይም መዝለሉን ለየብቻ ይመዝግቡልኝ፤ የእኔም ቡድን ሬንጀር የተጣበቀው እዚያው ላይ ነው።